ወንድሜ ያልሞተበት ቤት

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ዛሬ የወንድሜ ስልክ ጠራ።

እናቴ ስልኩን አላጠፋችውም። በየቀኑ ቻርጅ ታደርገውና ትራሷ ሥር ትመልሰዋለች። ከቀብሩ ወዲህ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው ነው። እሷ ጓዳ ስለነበረች እኔ ሮጬ አነሳሁት።

"ጉምጉም?" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራው፤ ቤዝ ጊታር ሲለማመድ ግድግዳው ስለሚያጉረመርም። "እንጨትህ ደርቋል። አንገቱን ልጠርብልህ ነውና ቅዳሜ መጥተህ እጅህን አሳየኝ።"

"እሺ" አልኩ። ሌላ ቃል አልተነፈስኩም። ድምፃችን በስልክ አንድ ነው፤ ስንቱ ጓደኛው ምስጢሩን ለእኔ አውርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የደነገጠው።

ዞር ስል እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች።

"ማን ነው?"

"ቤዙን የሚሠራለት ሰውዬ።"

"ምን አልከው?"

"እሺ አልኩት።"

"ሞቷል አላልከውም?"

"አላልኩትም።"

ስልኩን ተቀብላ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ገና ሞቅ ያለ ነበር። "ደግ አደረግክ" አለች።

ወንድሜ ግራኝ ነበር። ሱቅ ያለው ቤዝ ሁሉ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ ዕድሜ ልኩን ገልብጦ ነው የተጫወተው። ሞተር ብስክሌቱ ከመገልበጡ ጥቂት ሳምንታት በፊት ለራሱ እጅ የሚሆን አንድ አዘዘ፤ ሂሳቡንም አስቀድሞ ጨረሰ። ለገላው የሚሆን እንጨት አምጣ ሲባል የአልጋውን ራስጌ ነቅሎ ወሰደ። ልጅ ሆነን ሁለታችንም የተኛንበት አልጋ ነው። እናቴ ያን ቀን "ቤቱንም አፍርሰህ ውሰደው" ብላ ስትጮህበት ነበር የዋለችው። አልጋው እስካሁን ራስጌ የለውም።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። የወንድሜን ጃኬት ለብሼ። በርዶኝ ነው።

የሠሪው ቤት በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ የመኪና ወንበር ከሚሰፉ ሰዎች ጀርባ ነው። ቆርቆሮ በር ገፍተህ ስትገባ ኮላና የተላገ እንጨት ይሸትሃል። ከጣሪያው ክር ያልተወጠረባቸው የጊታር ገላዎች በሽቦ ተንጠልጥለዋል። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባና ቀስ ብለው ይነካካሉ፤ ሰው ሲገባ ዞር ብለው የሚያዩ ይመስላሉ።

እውነቴን ነው፣ የሄድኩት ልነግረው ነበር። ታክሲ ውስጥ ተለማምጄዋለሁ፤ "ጋሼ፣ እኔ ታናሽ ወንድሙ ነኝ። እሱ አርፏል።" ሰውዬው ግን ቀና አላለም። መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ መላጊያው እጁ ላይ ነው።

"ዘገየህ" አለኝ። "ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ፊትህንም በቅጡ አላየሁት። ቢሆንም እኔ ፊት አይያዝልኝም፤ እጅ ግን አልረሳም። አምጣ እስቲ።"

ግድግዳው ላይ የደንበኞቹ እጆች በእርሳስ ተስለው ተለጥፈዋል። ብዙ እጆች፣ ሁሉም የተዘረጉ፣ አቁም የሚሉ የሚመስሉ። የወንድሜን ቀኝ እጅ ማንም ሳያሳየኝ አወቅኩት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚመታው በግራው ነው፤ አንገቱን የሚጨብጠው ቀኙ ነው። ስለዚህ አንገቱ የሚጠረበው በቀኙ ልክ ነው።

ሠሪው ወረቀቱን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈና እጄን ይዞ ሥዕሉ ላይ አስቀመጠው። በሁሉም በኩል መስመሩ ተርፎ ታየ።

"ጣትህ አጠረ እንዴ?"

"ከስቼ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰው ሲከሳ አጥንቱም አብሮ ይከሳል?" ሳቀ። "ግድ የለም፣ በሥዕሉ ነው የምጠርበው። አንተ ትደርስበታለህ።"

ቀጥሎ ራስጌውን አመጣው። ራስጌ መሆኑ ቀርቷል፤ በቤዝ ቅርፅ ተቆርጧል። በጣቱ አንጓ አንኳኳውና ጆሮውን አስጠጋ። "ና ስማ። ብዙ ዓመት የተተኛበት እንጨት ሌላ ነው። የሰማውን አይጥልም።"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም። የራሴ ደም ነው የሚሆነው።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

እናቴ ሁሉንም አስወራችኝ። ምን አለ፣ ምን ላይ ተቀመጥክ፣ እንጨቱ ቀለሙ እንዴት ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ቃል ከአፏ አልወጣም።

"ሳቀ አልክ?"

"ሳቀ።"

"እሱም ሳቀ?"

እሱ ያለችው እኔን መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። "ሳቀ" አልኩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልነግረው እንዳሰብኩ ስነግራት ሹካውን አስቀመጠች። "ዳቦ ቤቱ ያውቃል። ትምህርት ቤታችሁ ያውቃል። የውኃ ቆጣሪ የሚያነበው እንኳን አውቆ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰብኝ። አንድ ቤት እንኳን ይቅርልኝ።"

ነገሩ ገባኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ወንድሜ ያልሞተበት አንድ ቤት አለ። አፌን ከከፈትኩ እዚያም ይሞታል። የምገድለው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ነገ የሒሳብ ፈተና፣ አልተነበበም።

የወንድሜን አሮጌ ቤዝ ገልብጬ እየተለማመድኩ ነው። ቅዳሜ ሠሪው ያጫውተኛል፤ ግራኝ ካልሆንኩ ይነቃል። ጥርሴን በግራ። ማንኪያ በግራ። የጫማ ክር በግራ አልሆነም።

እናቴ ድምፁን ስትሰማ መጥታ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። አትገባም።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

አንገቱ ተጠርቧል። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ አቧራው ጃኬቴን ነጭ አደረገው። ጃኬቱን ማለቴ ነው።

ሠሪው አንገቱን አስጨብጦኝ ወዲያ ወዲህ ሲያዞረኝ ስልኩ ጠራ። አይቶት ግራ ገባው። "ይሄ ያንተ ቁጥር አይደለም እንዴ?" ስክሪኑ ላይ ጉምጉም ይላል።

"ቤት ረስቼው ነው። እናቴ ትሆናለች።"

አነሳው። "አቤት እናቴ። አዎ፣ እዚሁ ነው። ደህና ነው እንጂ፤ ፊት ለፊቴ ቆሟል። አንገቱን ይዟል። ኧረ ችግር የለም፣ በፈለጉ ጊዜ ይደውሉ።"

ዘግቶ ፈገግ አለ። "የእናት ልጅ ነህ ለካ። እኔ ደግሞ መልክህን ሳይ ጎረምሳ መስለኸኝ።"

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ እናቴ ስትደውል ሠሪው ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። "አቅርብልኝ አለች።"

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

"የኔ ጌታ" አለች።

በዚህ አጠራር የምትጠራው እሱን ነው። እኔ ትንሹ ነኝ፤ ወንድሜ ደግሞ ስለማልለየው ጭራ ይለኝ ነበር። ድምፅዋ የድሮ ድምፅዋ ነበር። እንዳለ፣ ምንም ሳይጎድል።

"ጃኬትህን ለብሰሃል?"

"ለብሻለሁ።" ይህ ውሸት አይደለም።

"ሞተሩን ቀስ ብለህ ንዳ።"

"እሺ እማዬ።"

"ታናሽህ አያስቸግርህም?"

ሠሪው ጀርባውን ሰጥቶ ኮላ ያማስላል። "አያስቸግረኝም" አልኩ።

"እኔ እንጃ፣ እሱ ልጅ እንዴት እንደሆነብኝ። ኮቴውን እሰማለሁ፤ ቀና ስል አይታየኝም። ሲናገር የሰው ቤት ልጅ ይመስለኛል። ክፉ ሆኜ አይደለም የኔ ጌታ፣ ዓይኔ አልይዘው አለ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?"

"አውቃለሁ እማዬ።"

"አትንገረው።"

"አልነግረውም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ግን ሰማ።

ማታ ቤት ስገባ ወጥ ቤት ነበረች። "ደህና ዋልክ?" አለች፤ ፊቷን ሳታዞር፣ በአሁኑ ድምፅዋ። "ደህና" አልኳት። ስለ ስልኩ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

አክስቴ መጥታ ነበር። ክፍሌ ሆኜ የሰማሁት፦

"ልጁን ልብ ብለሽዋል ግን? አካሄዱ እንኳን ተለውጧል። አንድ ነገር አድርጉ እንጂ።"

"የቱን ልጄን?" አለች እናቴ።

አክስቴ ሲኒዋን ስታስቀምጥ ተሰማኝ። ከዚያ ስለ ዘይት ዋጋ አወሩ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

አባቴ ከጉዞ ተመለሰ። ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ጭነት ሳይመርጥ ይነዳል። ሲገባ እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አልጋው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቤዙን ይዤ፣ በግራዬ እየመታሁ።

የበሩን ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ምንም። ዞር ስል ቦርሳው መሬት ላይ ነው፤ እሱ የለም። በመስኮት አየሁት፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሞተሩ አልተነሳም።

እራት ላይ ጠራሁት። "ደክሞኝ ነው" አለ። እዚያው ሊያድር ነው። ጠዋት ሌላ ጭነት አለው።

ቢያንስ እሱ አይቶኛል። ማንን እንዳየ ባላውቅም።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት ገብቷል፣ ለሙከራ አንገቱን በጊዜያዊ ብሎን አስሮ ክር ወጥሮበታል። ማጉያው ላይ ሰካውና "ያንን ድገምልኝ" አለኝ።

"የቱን?"

"የረቡዕን ነዋ። መጥተህ የተጫወትከውን።"

ረቡዕ አልመጣሁም።

ያፈርኩ መሰለው። "ኧረ ተው፣ አትሽኮርመም። እኔ እኮ እጄን ከሥራ አንስቼ ነው የሰማሁህ። አንዲት ቃል ሳትናገር ገባህ፣ ተቀመጥክ፣ ተጫወትክ፣ ሄድክ። ያኔ ነው ይህ እንጨት የማን እንደሆነ የገባኝ።"

ሞከርኩ። ጣቴ ተንተባተበ። ሠሪው አንገቱን ቆልመም አድርጎ ሰማኝና፣ "ዛሬ ሌላ ሰው ልከህብኛል" አለ። ቀልዱን ነው።

የረቡዕ ምሽት እጀታዬ ላይ የእንጨት አቧራ አይቻለሁ። የጥቅምቱ ነው። ጃኬቱ አልታጠበም።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ፣ ጠበቃ የምንለው፣ ሳልጠይቀው ተናገረ።

"ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ? የባዮሎጂዋ ሦስቴ ጠራችህ።"

"ክፍል ነበርኩ።"

"ክፍል ነበርክ? ታዲያ አጠገቤ የነበረው ቦርሳህ ነው?"

ሳቁ። ዛሬም ስም ስትጠራ ዝም አልኩ መሰለኝ፤ ጠበቃ በክርኑ ጎሸመኝ። ስሜ ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ የሌላ ልጅ ስም ነው ብዬ ነው የጠበቅኩት።

እንቅልፍ ስለሌለኝ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይረሳል።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ገጠመ።

ሠሪው አልጠየቀኝም። እሱ ቫርኒሽ ሊያመጣ ሲወጣ እኔ ራሴ ወደ ግድግዳው ሄጄ መልሶ የለጠፈው ሥዕል ላይ እጄን አስቀመጥኩት። ጣት በጣት፣ አንጓ በአንጓ። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። እጄን ሳነሳ ከሥሩ ብቅ አለ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ እጅ ያድጋል።

ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ይነካኩ ነበር። በሩ ተዘግቷል።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ትናንት ረቡዕ ነበር። ጠዋት የነበርኩበትን አውቃለሁ።

እናቴ ዛሬ ደስ ብሏታል። እየሠራች ታንጎራጉራለች። በስልክ ምን እንደተባባልን መጠየቅ ፈራሁ።

ለሠሪው ልንገረው? ብነግረው እሷ ምን ይቀራታል? ባልነግረው ከእኔ ምን ይቀራል? ለወንድሜ መጨነቅ ሲገባኝ ለራሴ እጨነቃለሁ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

በሥርዓቱ ልጽፈው ነው፤ ሁሉንም አስታውሳለሁ።

ቤዙ አልቋል። ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ገላውና አንገቱ ለየብቻ። አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ቫርኒሽ አልተቀባም፣ ጥሬ እንጨት ነው። ሠሪው እርሳስ ሰጠኝ።

"ይህን የማሥረው ባለቤቱ ስሙን ከጻፈ በኋላ ነው። እዚህ ውስጥ፣ በገዛ እጁ። ከታሰረ ወዲያ የሚያየው የለም። ያልተጻፈበት ዕቃ ከቤቴ አይወጣም።"

እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። ጎንበስ አልኩ። እጄ መጻፍ ጀመረ። ግራ እጄ ነው። በግራዬ መጫወት ተለማምጃለሁ፤ መጻፍ ግን አንድ ቀን እንኳን ሞክሬ አላውቅም። ፊደሉ ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣ ፈጣን፣ የማውቀው ጽሕፈት ነበር። የወንድሜ ስም ግማሽ ላይ ሲደርስ በቀኝ እጄ የግራ አንጓዬን ያዝኩት። ቆመ። እርሳሱ ወደቀ።

"ምነው?" አለ ሠሪው።

ያኔ ስልኩ ጠራ። ስክሪኑን ሳያይ ለእኔ አቀበለኝ፤ ለምዶታል።

"የኔ ጌታ፣ አለቀልህ?"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ትንሹ።"

 እስትንፋሷ ይሰማኛል። ተቆጥታ የምትዘጋው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ "እሺ። ወንድምህን አቅርብልኝ" አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ወንበሩን፣ በሩን፣ የተንጠለጠሉትን አየሁ። ሠሪው ዓይን ዓይኔን ያያል።

"የለም፣ እማዬ።"

"አሁን እኮ እዚያ ነው።"

"እዚህም የለም። የመጣሁት ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ረቡዕም እኔ ነኝ። እሱ ሞቷል።"

የመጨረሻውን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። "እዚያው ቁም፣ መጣሁ" ብላ ዘጋችው። ከቀብሩ ወዲህ ከግቢያችን በር አልፋ አታውቅም።

ሠሪው ዱካው ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ። "አንተ ገና ልጅ ነህ እኮ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ግድግዳውን አየ። "እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነው የማወራው?"

"ከእኔ ጋር፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን አይደለም ማለቱ አልለየሁም።

እናቴ በቤት ነጠላ ጫማ፣ በአባቴ ካፖርት መጣች። ሰላም አላለችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገላ መዳፏን አሳርፋ አሻሸችው፤ ሕፃን ስታስተኛ እንደምታደርገው። ጎድጓዳውን አየች። ግማሹን ስም አየች።

"ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኔ" አልኩ።

አንዴ ጽሕፈቱን፣ አንዴ እኔን አየች።

ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "እናቴ፣ አላወቅኩም፤ እግዜር ያጽናዎት። ዕቃው የናንተ ነው። ልጁም በግራው ለምዷል፣ ለእሱ ቢሆን..."

"ይሄ ልጅ ግራኝ አይደለም" አለች። ጮክ አላለችም። "ይሄኛው በቀኙ ነው። ሙዚቃም አይሆንለትም፤ ከጥንትም ምት ይስታል። እሱ ሥዕል ነው የሚወደው። ጨለማ ይፈራል። ከጎመን በሥጋ ሥጋውን ለቅሞ ይተዋል። ይሄኛውን አውቀዋለሁ።"

ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ፊቴ ላይ ወደቀና እዚያው ቆየ። ለመያዝ እየታገለች እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ሩቅ ያለ ነገር ለመለየት እንደሚያጠብ ሰው ዓይኗን አጠበበች። ግን አልለቀቀችኝም።

"ዝጋው" አለችው ሠሪውን።

"ስሙ ግማሽ ነው።"

"በግማሽ ነው የሄደብኝ። ዝጋው። ከዚያ እጁ ለሚገጥምለት ግራኝ ስጥልኝ። እኔ ቤት አይገባም።"

ሠሪው የኔን እጅ አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን አየ። አንገቱን ጎድጓዳው ውስጥ አስገብቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። እንጨቱ ሲጋጠም ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማ። ሦስታችንም ሰምተነዋል።

በእግር ነው የተመለስነው፤ ታክሲ አልፈለገችም። በግራዬ በኩል ሆና ግራ እጄን ያዘች። መንገዱን በሙሉ አልለቀቀችውም፤ መኪና ስንሻገርም፣ ሰው ስናሳልፍም። ጣቶቿ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ክሩ ያደነደነውን ቆዳ እየፈለጉ ያሻሹታል። አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ያልሆነ አንድ ነገር በሹክሹክታ ተናገረች። አልጠየቅኳትም።

ግቢያችን በር ስንደርስ ቁልፉ በግራ ኪሴ ነበር። እጄን ልስብ ስል አጠበቀችው።

"በቀኝህ ክፈተው" አለች።

ተጠማዝዤ በቀኜ አወጣሁት፤ በቀኜ አዞርኩት። ገባን። እሷ የያዘችውን እጅ እንደያዘች ናት።